ከባድ እጅጌ

«አይ፣ ዘመዱ አይደለችም፤ የሚያውቃት አንዲት ልብስ ሰፊ ናት ነው ያለኝ» አለች የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ፣ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ በሁለት እጇ ከረጢቶቹን እያገላበጠች። «ስፌቷ ግን ያምራል። እህ... አዎ፣ ዘዴውን ያወጣው መምህሩ ራሱ ነው። ተማሪ እያለሁ አንድ ቀን ድንገት መጣልኝ ነው የሚለው። ጭንቅላት እኮ ነው!»

ልብስ ሰፊዋ በዚያ ሰዓት ከስፌት ቤቷ መጋረጃ ጀርባ የዚያኑ ጭንቅላት ኮት እየተኮሰች ነበር። ካውያው ኮቱ ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ጨርቁ መሽተት ሳይጀምር አነሳችው፤ ሃያ ሦስት ዓመት የሠራ እጅ፣ ልብ ቢደነግጥም እሱ ሥራውን አይረሳም። «የሚያውቃት አንዲት ልብስ ሰፊ» የተባለችው እሷ ናት። መምህሩ ደግሞ ወንድሟ ነው። በእናትም በአባትም አንድ የሆነ፣ እናታቸው ስትሞት በስምንት ዓመቱ እጇ ላይ የቀረ፣ እሷ ከአስራ አንደኛ ክፍል ወጥታ የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችለት፣ ዛሬም ከዚሁ ስፌት ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል የሚያድር ወንድሟ። ሰው ጎረቤቱን ይክዳል፣ ጓደኛውን ይክዳል፤ ካልሲውን የምታጥብለትን እህቱን የሚክድ ግን ምን ዓይነት ሆድ ቢኖረው ነው?

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ጸሐፊዋ ስልኩን ዘግታ ፈገግ አለችላት። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የነገሯትን ነው የምትናገረው። ሃምሳው ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። እያንዳንዱ አፉ በገመድ የሚታሰር፣ ውስጡ ጣት ጣት የሚያህሉ ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ ቁርጥራጭ ጨርቆች ያሉበት ነው። ከሦስት ቀን በፊት ወንድሟ ትእዛዙን ይዞ ሲመጣ «ለልጆች መጫወቻ ነው» ብሏት ነበር። ቀለሞቹን ስታይ ጠርጥራ ነበር፤ ግን ያሳደጉትን ልጅ መጠርጠር ያሳፍራል፣ ዝም ብላ ሰፋች። ጸሐፊዋ «መግባቱን ልየው» ብላ ከቦርሳዋ አንድ ስስ መጽሐፍ አወጣችና አንዱ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። ልክክ አለ። «ረቂቁ ነው። ሽፋኑ ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለወላጆች እናሳየዋለን፤ ልጆቹም እዚያው ከከረጢቱ እያወጡ ይሠሩበታል።»

«እስኪ ልየው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሽፋኑ ላይ የወንድሟ ስም ከነአባቱ በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ «ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቅጽሎች በቀላሉ» ይላል። ገለጠችው። ገጽ አንድ፦ «ረጅም ቃል ልብስ ነው። ኮሌታ አለው፣ ገላ አለው፣ እጅጌ አለው።» ገጽ ሁለት፦ «ኮሌታውን ፍታ፣ እጅጌውን ፍታ። እጅህ ላይ የቀረውን ገላ አታውቀውም?» ገጽ ሦስት፦ «ካውያው ጫን ብሎ የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ተጫን፣ ሌላውን ለስለስ አድርገህ እለፈው።» እነዚህ ቃላት በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ መኪና አጠገብ፣ ከእሷው አፍ የወጡ ናቸው። ያን ጊዜ ልጁ አስራ አንድ ዓመቱ ነበር። «አንቢሊቨብል» የሚለውን ቃል ማንበብ አቅቶት ክፍሉ ሙሉ ስቆበት፣ እንባና ንፍጡን እያዝረከረከ መጣ። ሱሪ እያሳጠረች ነበር፤ ትታው ብጣሽ ጨርቅ ላይ ቃሉን በጠመኔ ጻፈችና መቀሷን አነሳች። ከፊት «አን» የሚለውን ቆረጠች፤ «ይሄ ኮሌታው ነው፣ የማይሆን ለማለት ነው የሚቀጠለው።» ከኋላ «ኤብል» የሚለውን ቆረጠች፤ «ይሄ እጅጌው ነው፣ የሚቻል ለማለት።» መሀል ላይ የቀረውን ሰጠችው። «ቢሊቭ!» አለ ልጁ። ማመን መሆኑን ያውቃል። «እንግዲህ ራስህ ስፋው» አለችው። በእስፒል መልሶ አያያዘው፤ «ሊ» ላይ ድምፁን እንደ ካውያ ተጭኖ፣ በአምስት ቁራጭ ከፋፍሎ አነበበው፤ ከዚያም ደስ ሲለው አስር ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደንበኛ ልብስ የተረፈ ብጣሽ ሁሉ ቃል ሆነ፤ ለኮሌታው ነጭ፣ ለገላው ቀይ፣ ለእጅጌው ሰማያዊ።

ያ ሁሉ ታትሞ ሲመጣ ማየት ደስ ሊላት በተገባ ነበር። አንድ መስመር፣ አንድ ቃል ስለ እሷ ፍለጋ እስከ መጨረሻው ገጽ ገለጠች። ምስጋናው ለዳይሬክተሯ፣ ለባልደረቦቹ፣ ለማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ሳይቀር ደርሷል። ይህም አልበቃ ብሎ ገጽ አራት ላይ በደማቅ ቀለም «ልብ በሉ፦ ካውያው አንዴ ካረፈበት ቦታ ፈጽሞ አይነቃነቅም» የሚል አየች። ማን ያምናል፣ ከክህደቱ የባሰ ያናደዳት ይሄ ነው። ስህተት ነዋ! ከባድ እጅጌ የሚባል ነገር አለ። እሱ ላይ ስትደርስ ልጁ የእንግሊዝኛ ፈተናውን አልፎ ነበር፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ እህቱ መኪና ሥር ማን ይቀመጣል? ሰርቆ እንኳ በወጉ አልሰረቀም።

«መጽሐፉን ተዪልኝ» አለቻት ጸሐፊዋን። «ከረጢቶቹ ገና ትንሽ ይቀራቸዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሴ አመጣቸዋለሁ።»

«ራስዎ? አይቸገሩ፣ ሰው እልካለሁ።»

«አልቸገርም።»

ጸሐፊዋ ከመውጣቷ የጎረቤት ፀጉር ቤት ባለቤት ገባች። ቀሚሷን ለመለካት ነው። ለብሳው በመስታወቱ ፊት ወዲያ ወዲህ አለች፣ ወገቧን ያዝ አደረገች፣ ሆዷን ሳብ አደረገች፣ ቀሚሱ ልክ ነው። ስታወልቀው ከቦርሳዋ የተጣጠፈች ወረቀት አወጣች፤ ውስጧ ከአሮጌ ሸሚዝ የተፈታች የውጭ አገር ማርክ አለች። «እንደተለመደው፣ አንገቱ ላይ አድርጊልኝ። ነገ ድግሱ ላይ የማይጠይቀኝ የለም፤ ውጭ ያለች እህቴ ላከችልኝ እላቸዋለሁ።» የዚህ ስፌት ቤት ወግ ይሄው ነው። ደንበኞቹ ልብሱን እዚህ ያሰፋሉ፣ ማርኩን ከየትም ፈትተው ያመጣሉ፣ እሷም ያለ ክፍያ አንገቱ ላይ ትሰፋላቸዋለች። ሰፈሩ ግማሹ የእሷን እጅ ለብሶ ይሄዳል፤ «ይሄን ማን ሰፋው?» ተብሎ ግን ስሟ ተጠርቶ አያውቅም። የወንድሟ ኮት ላይ ያለውንም ማርክ የሰፋችው እሷ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲሄድ ለምኗት፣ እየሳቀች ነው የሰፋችለት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ አጥሯን ስትነቀንቅ የኖረችው ራሷ ሆና አገኘችው። «ከሰዓት በኋላ ነይ» አለቻት ባለፀጉር ቤቷን፣ ማርኳንም ከወረቀቷ ጋር መልሳ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

በሩን ገርበብ አደረገችና ከመሳቢያው ነጭ ጥብጣብ አወጣች። የማይለቅ ቀለም ያለው እስክሪብቶ ፈልጋ አገኘች። ጣት በሚያህል ርቀት እየደጋገመች «የእህቱ ሥራ» ብላ ጻፈች። የመጀመሪያዎቹ አስሩ ተንጋደዱባት፤ ከዚያ በኋላ ፊደሏ የድሮውን የተማሪነት ቅርፁን ያዘ፣ እንዲያውም አማረባት። ቆራረጠችና ሃምሳውን ከረጢት በየአፉ ሥር፣ ሲከፈት በሚታይበት ቦታ፣ በአራት በኩል ሰፋችባቸው። መኪናው እየተርገበገበ ሁለት ሰዓት ያህል አላረፈም። አንድ ማርክ ተረፋት፤ እሷ ሃምሳ አንድ ነበር የጻፈችው። ኮቱን አነሳች፤ ከውጭ አገሩ ማርክ ዝቅ ብላ ገበሩ ላይ ጥንቅቅ አድርጋ በእጅ ሰፋችው። ቂም የያዘ ሰው ኮት ሊያቃጥል ይችላል፤ እሷ ግን መልሳ ተኮሰችው፣ ያላላውንም አዝራር አጠበቀችለት። ሥራ ሥራ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። የኋለኛዋ ክፍል በላስቲክ የተሸፈነች ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና ሲነሳ እንደ አሮጌ መኪና የሚንቀጠቀጥ ማቀዝቀዣ አላት። የእናታቸው እህት፣ አክስታቸው፣ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፤ ሾርባውን እሳቸው ቀዱ። መምህሩ አንድ ዓይኑን ሾርባው ላይ፣ አንድ ዓይኑን ስልኩ ላይ አድርጎ በላ። ልብስ ሰፊዋ ዳቦዋን ይዛ አየችው። እውነቱን ቢነግራት ማርኮቹን ልትፈታቸው ወስና ነበር፤ ሃምሳውን ለመፍታት ግማሽ ሰዓት አይፈጅባትም።

«ከረጢቶቹ ለምንድን ናቸው ያልከኝ፣ ማሙሽ?»

«ለልጆች መጫወቻ» አለ፣ ማንኪያውን ሳያቆም።

«ከባድ እጅጌ ትዝ ይልሃል?»

«የምን እጅጌ? ኮቱ ልክ ነው፤ አልከበደኝም።»

አክስትየው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩና ማንም ያልጠየቃቸውን ዳቦ መቁረስ ጀመሩ። በልቶ ሲጨርስ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ፤ በስሱ ግድግዳ በኩል ድምፁ ይሰማል። «ውድ ወላጆች! ይህ ዘዴ የመጣልኝ በተማሪነቴ ዘመን፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳስብ ነበር...» ቆም ይልና እንደገና ይጀምራል። «ብቻዬን» የሚለው ላይ ጫን ይላል። የት እንደሚጫን ያስተማረችው እሷ ናት፤ ደህና አድርጋ አስተምራዋለች።

«ሰማሁ» አሉ አክስቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ተዪው በሞቴ። ወንድ ልጅ ነው፣ ገና ሊቆም ነው። አንቺን ምን ያደርግልሻል?»

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉኝ የለ፣ አክስቴ?»

«እላለሁ።»

«ታዲያ የእኔስ የት ይዋል?»

አክስትየው ፍርፋሪውን በእጃቸው ሰበሰቡት። «ገበናችንን አደባባይ አታውጪው ልጄ።»

«ገበና አይደለም። ሥራ ነው» አለችና ተነሳች።

ኮቱን አለበሰችው። ኮሌታውን አስተካከለችለት፣ ትከሻውን በመዳፏ አበሰችለት። «አመሰግናለሁ» አለ፣ መስታወቱን እያየ። በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው እህቱን ፊቷን ዓይቶ ማመስገን አያቅተውም ነበር፤ እሱ ግን በቀጥታ ካያት የደበቃት ነገር ዓይኑ ላይ እንደሚታወቅበት ያውቃል።

አዳራሹ ሞልቷል። የላስቲክ ወንበሮች በመስመር ተደርድረዋል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይዞራል እንጂ አያቀዘቅዝም፣ እናቶች በመርሐ ግብሩ ወረቀት ፊታቸውን ያራግባሉ። ልጆቹ የፊተኛውን ሁለት ረድፍ ይዘዋል። ልብስ ሰፊዋ ከረጢቶቹንና መጽሐፉን በር ላይ ለጸሐፊዋ አስረከበችና ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ነበር። በር ላይ ልታወልቀው አስባ ተወችው፤ ማን መሆኗን ከካደ ሰው ፊት ነው የምትቆመው፣ ታዲያ ምን ትደብቃለች?

ወንድሟ ይናገርበታል፤ ይህን አትክድም። ረጅም ቃል እንዴት ልብስ እንደሆነ፣ ኮሌታው እንዴት እንደሚፈታ ሲያስረዳ አባቶች ሳይቀሩ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙት። እሷም ሳታስበው ኮራችበት፤ ቀጥሎ ደግሞ በመኩራቷ ተናደደች። «ብቻዬን ቁጭ ብዬ» የሚለውን ተናገረው። ጫን አለበት። ከዚያ «እስኪ ከረጢቶቻችሁን ክፈቱ» አለ።

ፊት የተቀመጠች መነጽራም ልጅ ገመዱን ፈታች፣ አፉን ከፈተች፣ ከዚያም እጇን አወጣች። «መምህር፣ እዚህ ላይ የሆነ ነገር ተጽፏል። የእህቱ ሥራ ይላል።»

«የእኔም!» አለ ሌላው። «የእኔም ላይ አለ!» ወዲያው ሃምሳ አፍ አንድ ላይ «የእህቱ ሥራ፣ የእህቱ ሥራ» ማለት ጀመረ፤ ወላጆች ሳቁ። ዳይሬክተሯ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት፣ ከወንበራቸው ዘንበል ብለው «እህት አለህ እንዴ አንተ?» አሉት።

መምህሩ ቀና ሲል ከኋላ አያት። ፊቱ ደም አጣ። «የ... ከረጢቱን የሰፋችልን ናት» አለ። «ከረጢቱን ነው። ከረጢቱን ለማለት ነው።» አለኝም የለኝምም አላለም፤ በመሀል ሾልኮ አለፈ። ላብ አሰመጠውና ኮቱን አውልቆ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣለው፤ ቶሎ ብሎም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋ ከግድግዳው ፈቀቅ አላለችም። ፈርታለች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፏን ከፍታ አታውቅም። እንዲያውም እዚሁ ላይ ትቼው ብሄድስ ብላ በሩን አየች።

በዚህ መሀል መነጽራሟ ልጅ እንደገና እጇን አወጣች። «መምህር፣ ካውያው ካረፈበት አይነቃነቅም ብለውናል። ፎቶግራፍ ስንል ግን ፎ ላይ ነው የምንጫነው፣ ፎቶግራፊክ ስንል ግራ ላይ ሆነ። ተነቃነቀ እኮ።»

«እሱ... እሱ ልዩ ነው። በቃልሽ ያዥው።»

«ሂስቶሪካልስ? እሱም ከሂስቶሪ ተነቃንቋል።»

«እሱም ልዩ ነው።»

«ልዩው በዛሳ!» አለ ከወላጆቹ አንዱ፣ አዳራሹም ሳቀ። መምህሩ መጽሐፉን ገለበጠ፣ ገጽ አራትን አየ፣ አሁንም ገለበጠ። እዚያ ላይ የሚያግዘው ነገር የለም፤ የሚያግዘው ነገር ከኋላ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች።

«ልዩ አይደለም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «እጅጌው ከባድ ነው።»

ራሶች ሁሉ ዞሩ። እሷ ከዚህ በኋላ ወደ በሩ አላየችም፤ በመካከለኛው መተላለፊያ ወደፊት ሄደች። የወንድሟን ኮት ከወንበሩ አነሳችና በትከሻው ይዛ ለልጅቷ አሳየቻት። «አየሽ፣ ኤብል ቀላል እጅጌ ነው። ስትቀጥዪው ትከሻው አይሰማውም፣ ካውያሽም ባለበት ይቆያል። ኢክና ኢካል ግን ከባድ እጅጌዎች ናቸው። ከባድ እጅጌ ስትቀጥዪ ትከሻው ወደ እሱ ይጎተታል፣ ይጨማደዳል። ስለዚህ ካውያሽን ከድሮው ቦታ ታነሺና ልክ ከእጅጌው በፊት፣ ስፌቱ ሥር ታሳርፊዋለሽ።» በእጇ ትከሻውን ተጫነች። «ፎቶ-ግራ-ፊክ።»

«ሂስ-ቶ-ሪካል!» አለች ልጅቷ፣ እሷም ኮቱ ላይ እየተጫነች። «ኢኮ-ኖ-ሚካል!» አለ ከኋላዋ ያለው፤ አስሩም ሃያውም ባዶ አየር ላይ እየተኮሱ ተከተሉ። ልጅቷ ዘወር ስትል ኮቱ ተከፍቶ ኖሮ መነጽሯን ወደ ገበሩ አስጠጋች። «መምህር! ኮትዎም ላይ አለ! የእህቱ ሥራ!»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ዳይሬክተሯ ተነሱ። «እርስዎ ይህን ከየት አወቁት?»

«ከየትም አላወቅሁትም። እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለች። መጽሐፉን በጣቷ አሳየች። «እዚህ መጽሐፍ ላይ ያለው ሁሉ፣ ከኮሌታው እስከ ካውያው፣ የእኔ ነው። ገጽ አራት ሲቀር። ገጽ አራት የእሱ ነው። ይህን ያስተማርኩት አስራ አንድ ዓመቱ እያለ፣ መኪናዬ አጠገብ አስቀምጬ ነው። ብቻውን አልነበረም። የሚያውቀኝ አንዲት ልብስ ሰፊም አይደለሁም፤ እህቱ ነኝ።»

ዳይሬክተሯ ወደ መምህሩ ዞሩ። «እውነት ነው?» መምህሩ መጽሐፉን ዘጋው። «እህትህ ናት?» እሱ ጫማውን ያያል። ማራገቢያው ከላይ ይንቀጫቀጫል፤ ከወላጆቹ አንዲት እናት አፏን በወረቀቷ ሸፈነች። ዳይሬክተሯ መጽሐፉን ከእጁ ወስደው ሽፋኑን አዩና መለሱለት። «ይህ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤት ይገባል። የማን ስም እንደሚጻፍበት ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ታመጡልኛላችሁ። ካልሆነ አይታተምም። ገጽ አራትንም አርሙት።»

ልብስ ሰፊዋ ኮቱን ወንበሩ ላይ መልሳ ወጣች። መንገዱ ላይ ነው እንባዋ የመጣው፤ ለራሷ ይሁን ለእሱ አላወቀችውም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጫማውን ሲያይ፣ እንባና ንፍጡን ይዞ የመጣው ልጅ ትዝ አላት፣ አንጀቷን በላት። ተጸጸተች ማለት ግን አይደለም። እንደገና ቢሆን እንደገና ታደርገው ነበር፣ እንዲያውም ሜትሯን ይበልጥ አስረዝማ ታንጠለጥለው ነበር።

ስፌት ቤቱ በር ላይ ባለፀጉር ቤቷ ትጠብቃታለች። ልብስ ሰፊዋ ገባች፣ ከጥብጣቡ አንድ ጣት ቆረጠች፣ ስሟን ጻፈችበትና ቀሚሱ አንገት ላይ ሰፋችው።

«ማርኬስ?» አለች ሴትዮዋ ከወረቀቷ ውስጥ ያለችውን እያሳየች።

«ይሄው፣ ማርክ አለው።»

«ይሄን ደሞ ማን ያውቀዋል?»

«አንቺ ታውቂዋለሽ። ካላማረሽ ሌላ ጋ አሰፊ።»

ባለፀጉር ቤቷ አጉረመረመች፣ አንገቱን ገለበጠች፣ መስታወቱን አየች። ድግሱ ነገ ነው፣ ቀሚሱም ልክ ነው። ይዛው ሄደች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መምህሩ መጣ። አክስትየው በሩ ላይ በዱካ ተቀምጠው ነበር፤ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፉት። ኮቱ ክንዱ ላይ ነው። ገብቶ መኪናው ፊት ቆመ። እሷ የጀመረችውን ሱሪ መስፋት አላቆመችም።

«አሳፈርሽኝ» አለ።

«ያሳፈርከው ራስህን ነው። እኔ ማርክ ነው የሰፋሁት።»

«ፍቺልኝ።»

መቀሷን ወደ እሱ ገፋችው። «መቀሱ ያው። እኔ ሰፍቻለሁ፤ መፍታት ከፈለግክ አንተ ፍታ።»

እሱ ከመኪናው አጠገብ ያለችውን አጭር ዱካ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ደረቱ ድረስ መጣ፣ የዚያን ጊዜ ልክ ትመጥነው ነበር። ኮቱን ጭኑ ላይ ዘረጋና ገበሩን ገለጠ። ሁለቱ ማርኮች አንዱ ከአንዱ ሥር ተቀምጠዋል። መቀሱን አያያዙ አያምርም፤ ሰፍቶ አያውቅም። አክስትየው አንገታቸውን በበሩ አስግገው ያያሉ። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አላነሳችም፤ ዓይኗንም ከስፌቱ አላነሳችም፣ ጆሮዋ ግን እዚያ ነበር። አንድ ክር ሲበጠስ ሰማች። ሌላም። ወለሉ ላይ የሆነ ነገር ዱብ ሳይል፣ እንደ ቅጠል ቀስ ብሎ ወደቀ። ተመለከተች። የውጭ አገሩ ማርክ ነበር።

ይቅርታ አላለም። ከቦርሳው የመጽሐፉን ሽፋን አወጣና መኪናው ጠረጴዛ ላይ፣ ከሱሪው ጎን አድርጎ በመዳፉ አስተካከለው። እስክሪብቶ ከፈተ። ስሙ ከነአባቱ መሀሉን ይዞ ተቀምጧል፤ ከበላዩም ከበታቹም ነጭ ቦታ አለ።

«ስምሽን የት ጋ ልጻፈው፣ እታለም?»

እታለም ካላት ስንት ዓመት ሆነው። እሷ ስፌቱን እስከ ጫፍ አደረሰችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች።

«ከላይ» አለችው።